ከፌስታሉ ልጀምር ወይስ ከጭሱ?

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ፣ አንድ የውይይት መድረክ ላይ የለጠፍኩት ኅዳር 13 ቀን ማታ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ኅዳር ሲታጠን ነበር። የምንኖረው አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱን ዘጋግቼ፣ በበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ወትፌ፣ የሁለት ዓመት ተኩል ልጄን ታቅፌ አደርኩ። እሷ ስታስል፣ እኔ ስቆጥር ነጋ። ጠዋት የመስኮቱን ደፍ ብነካው ጣቴ ጠቆረ።

ጥያቄዬ አጭር ነበር። ለልጄ ስል የፕላስቲክ ጡጦ ጥዬ የጠርሙስ ገዛሁ። የፕላስቲክ ሳህንና ኩባያ ከቤት አስወጣሁ። ትኩስ ወጥ በፌስታል ቋጥረው ከሚሸጡ ቤቶች መግዛት አቆምኩ። ሽታ የሌለው የልብስ ሳሙና ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ብሩም ጉልበቱም አለቀ፤ ልጅቷ ግን ማሳሏን አልተወችም። መሀል አዲስ አበባ የሚኖር ሰው በየቀኑ የሚገባበትን መርዝ ልቀንስ ብሎ ቢነሳ ከምን ይጀምር? ይኸው ነው። አራት አምስት መልስ ይመጣል ብዬ ነበር፤ 29 መጣ። ጓደኞቼ ምን አሉሽ እያሉ በየተራ ስለሚጠይቁኝ፣ እንደ አመጣጡ ላውጋችሁ።

1ኛው መልስ ጥሩ ሰው ነው። የሚያስል ልጅ መጀመሪያ የሚታየው በሐኪም እንጂ በውይይት መድረክ እንዳልሆነ በትህትና አስታወሰኝ። ልክ ነው። ሄጃለሁ፣ መድኃኒትም ተሰጥቷታል፣ አሁንም ክትትል ላይ ነን። ይህንኑ ነገርኩት። 2ኛዋ እሷም ፕላስቲክ መተዋን ነግራኝ አበረታታችኝ። 3ኛው አየር የሚያጣራ ማሽን እንድገዛ መከረ። ዋጋውን ስጠይቀው ጠፋ።

ነገሩን ያዞረው 4ኛው ነው። ምንም ምክር አልሰጠም። ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀ። ቡና የምናፈላው በምንድን ነው? በቀን ስንቴ? ያን ጊዜ ልጅቷ የት ናት? ስልኩን ይዤ ቀና ብል፣ እናቴ ሳሎን መሀል ከሰሉን ታራግባለች። ልጄ ጭኗ ላይ ናት። መስኮቱ፣ ብርድ ይገባል ተብሎ ተዘግቷል።

5ኛው የራሴ መልስ ነው። አፍሬ ነው የጻፍኩት። እናቴ አብራን እንደምትኖር፣ ቡና በቀን ሁለቴ እንደሚፈላ፣ እጣንም እንደማይቀር፣ ከሰሉ እንዲያያዝ ደግሞ አሮጌ ፌስታል ከሥር እንደሚለኮስ ሳልደብቅ ተናገርኩ። አስቡት እንግዲህ። ፌስታሉን ከወጡ አርቄ፣ በጭስ መልክ ለልጄ አፍንጫ እየሰጠሁ ነበር።

6ኛው በሙያው የአካባቢ ጤና ላይ የሚሠራ ሰው ነው፤ ረጅም ጻፈ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ጭስ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ከጠጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ ሳንባ ጥግ ድረስ ይወርዳል፤ ወደ ደምም ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ፣ የዚህ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ይላል። ይኸው ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. የቤት ውስጥ ጭስ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ገምቷል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። የጠርሙስ ጡጦ መግዛቴ ክፉ እንዳልሆነ፣ ግን በኪሎ የሚገባውን ትቼ በግራም የሚገባውን ስለቅም እንደከረምኩ ነገረኝ። ስለ ውጪው አየርም አነሳ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲበርድ፣ ቀዝቃዛው አየር ከታች ተኝቶ የመኪናውንም የማድቤቱንም ጭስ እስከ ረፋዱ ድረስ ያፍነዋል። ስለዚህ በነዚህ ወራት ማለዳ መስኮት ከመክፈት፣ ፀሐይ ወጥታ አየሩ ሲንቀሳቀስ መክፈት ይሻላል። ይህቺን ነገር እኔ አላውቃትም ነበር። ንጹሕ አየር ይግባ ብዬ በ12 ሰዓት የምከፍተው እኔ ነኝ።

7ኛው 6ኛውን አከበረና አረመው። ስለሚታየው ጭስ ብቻ በማውራቱ አልተስማማም። ከሰል ጭሱን ጨርሶ ሲቀላ ሰው ሁሉ አሁን ገላገለን ይላል፤ ቀልቶ ቁጭ ያለው ከሰል ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ እየሰጠ ነው። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ደም ውስጥ ገብቶ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ጉልበት ይጣበቃል። ሰውየው ይህን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም። ካሳንቺስ ይሠራበት በነበረ ግቢ፣ የሌሊቱ ዘበኛ በክረምት ከሰል አቀጣጥሎ የቆርቆሮ ማማው ውስጥ ዘግቶ ተኛ። የጠዋቱ ተረኛ ያን ቀን በአጋጣሚ ቀደም ብሎ ባይመጣ ኖሮ አይተርፍም ነበር። ተረፈ፤ ግን ለሳምንታት ራሱን እያመመው፣ የሰው ስም እየጠፋበት ቆየ።

እዚህ ላይ ጨዋነቱ አበቃ። 8ኛው ከሰል ያፈነው ሰው ወተት ሲጠጣ ይድናል ብሎ ጻፈ። 9ኛዋ ነርስ ናት፤ አልማረችውም። ወተት ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ጋዙ ያለው ደም ውስጥ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ወተት ሲያጠጡት ትን ብሎት ሊሞት ይችላል። የሚደረገው በርና መስኮት ከፍቶ፣ ሰውየውን ወደ ውጪ አውጥቶ፣ ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ማሮጥ ነው። 8ኛው አያቱ ስንቱን በወተት እንዳዳኑ ተናግሮ ተቆጣ። ነርሷ ሰዎቹን ያዳናቸው ወተት ለማጠጣት ወደ ደጅ መውጣታቸው ሊሆን እንደሚችል መለሰችለት። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ለነገሩ እናቴም የወተቷ ሰው ናት።

10ኛውን አንድ አባት ጻፉት። ፒያሳ ተወልደው ያደጉ፣ ሰባን ያለፉ ሰው ናቸው። ልጄ ብለው ጀመሩና ስለ ኅዳር አወጉኝ። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓለምን ያመሰው ኢንፍሉዌንዛ ከተማውን ገብቶ ሲፈጅ፣ አባታቸው ትንሽ ልጅ ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ የሞተው ሰው እስከ 10,000 ይደርሳል ይባላል። ራሳቸው አልጋ ወራሽ ተፈሪም ታመው ተነሥተዋል። ቀባሪ ጠፍቶ ነበር፤ ስሙም የኅዳር በሽታ ተባለ። ኅዳር 12 ቆሻሻ ተጠራርጎ የሚታጠነው ያን ለማሰብ ነው። እኒህ አባት በልጅነታቸው የሚያቃጥሉትን ዘረዘሩ። ደረቅ ቅጠል፣ የተነጠፈ ጨፌና ቄጠማ፣ የከብት ፍግ፣ ያረጀ ሰሌን፣ የተሰበረ እንቅብ። ጭሱ ያስለቅስ ነበር፤ ሽታው ግን የሳር ነበር። ዘንድሮ በራቸው ላይ የተቃጠለውን ደግሞ በዓይናቸው አይተው ዘረዘሩ። ዳይፐር፣ የጫማ ሶል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ሃይላንድ፣ የመኪና ጎማ ቁራጭ። ወጉ አንድ ነው፣ እሳቱ ውስጥ የገባው ግን ሌላ ነው አሉ። ከ29ኙ መልሶች ይህን ያህል ያስቆመኝ የለም።

6ኛው ተመልሶ መጣና የእርሳቸውን ቃል በሙያው ደገፈ። እሱ 11ኛ መሆኑ ነው። ፕላስቲክ፣ በተለይ የሽቦ ልባስና የቧንቧ ዓይነቱ፣ በመንገድ እሳት በዝቅተኛ ሙቀት ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይወልዳል። ስብ ውስጥ ተጠራቅሞ ለዓመታት የሚቆይ ነገር ነው። ከመሬት ለቅማ የምትበላው ዶሮ እንቁላል ውስጥ ሳይቀር ይገባል።

12ኛው ደረቅ ቆሻሻ ከሚሰበስቡ ማኅበራት የአንዱ አባል ነው። ብዙም አልጻፈም። የከተማው አስተዳደር በቅርብ ዓመታት ኅዳርን ማጽዳት እንጂ ማቃጠል አይሁን እያለ ቢለምንም፣ ገንዳው ሲሞላና መኪናው ሲዘገይ ሰው ክብሪት እንደሚጭር ተናገረ። በማግስቱ አመዱን በአካፋ የሚዝቀው ደግሞ እሱ ነው፤ አንዳንዴ ያለ ጓንት፣ ብዙ ጊዜ ያለ ማስክ።

ከዚያ 13ኛው መጣ። የፈረንጅ ወሬ ለቅመን ወጋችንን ልናጠፋ እንደተነሣን ጻፈ። ቡናው ቀረ፣ ኅዳር ቀረ፣ ነገ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አትጠኑ ልትሉ ነው ብሎ ሁላችንንም በአንድ ጅራፍ ገረፈን። ማንም ቤተ ክርስቲያን ያለ የለም። እኔ የጠየቅኩት ስለ ልጄ ሳል ነው።

የመለሰለት ዲያቆን ነው፤ 14ኛው። እንዴት ደስ የሚል ለዛ አለው! ማዕጠንት በሚደርስበት ቦታ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በሩም በየአቅጣጫው የተከፈተ መሆኑን፣ ጽናውን እሱ ራሱ ለዓመታት እንደያዘ፣ እጣን የሚጤሰው ለጸሎት እንጂ ሕፃን በተዘጋ ክፍል ለማፈን እንዳልሆነ ጻፈ። ዛፍ ላይ የተለቀመ እጣን ነውና አይጎዳም ለሚሉትም፣ ጭስ የመጣበትን ዛፍ አይቶ እንደማይምር ጨመረ። 13ኛው በ15ኛው መልስ ሌላ ነገር አምጥቶ ሰደበው። ስድቡን አልነግራችሁም። በማግስቱ ስመለስ ተሰርዟል፤ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

16ኛዋ የገዳም ሰፈር እናት ናት። ከጭሱ ላይ አነሣችንና ወደ ሌላ ወሰደችን። በረኪና በችርቻሮ ገዝታ ሃይላንድ ውስጥ አድርጋ መታጠቢያ ቤት አስቀመጠች። የአራት ዓመት ልጇ ከትምህርት ቤት በጥም ተቃጥሎ መጣና ውሃ መስሎት ተጎነጨ። እሷ በድንጋጤ ጣቷን ጉሮሮው ከትታ ልታስታውከው ስትል፣ ጎረቤት እጇን ያዘቻት። ያ ነው ያተረፈው፤ የሚያቃጥል ነገር ሲወጣም ደግሞ ያቃጥላልና። ከዚያ ወዲህ በረኪናም ላምባም በሃይላንድ አታስቀምጥም። ሽንት ቤት ስታጥብም በረኪናን ከሌላ የሽንት ቤት አሲድ ጋር አትቀላቅልም፤ አንዴ ቀላቅላ የወጣው ጋዝ ደረቷን ዘግቶት ያውቃል። እኔ ይህን አንብቤ ተነሣሁ። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ሁለት ሃይላንድ አገኘሁ። አንዱ በረኪና ነው። ሌላውን ሳላሸት አስወገድኩት።

17ኛው የጎጃም ልጅ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ተከራይቶ የሚኖር ነው። እናቱ እህል ሲልኩለት፣ ነቀዝ እንዳይበላው ብለው ክኒን ጆንያው ውስጥ ይጨምራሉ። እሱ ደግሞ ቤቱ አንድ ክፍል ስለሆነ ጆንያውን አልጋው ሥር ያደርጋል። ይህ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይለቃል። መልሱ ሥር ሰው ተረባርቦ ጆንያውን ዛሬውኑ ከቤት እንዲያወጣ ጮኸበት። ለሊቱን ጎረቤት በረንዳ ላይ አሳደረው። በማግስቱ ተመልሶ አመሰገነ። ለእኔ ይህን ውይይት መክፈቴ ዋጋ ያገኘው እዚች ላይ ነው።

18ኛዋ ስለ ድስት አነሣች። ከወዳደቀ ብረታ ብረት ቀልጦ የሚሠራ የአሉሚኒየም ድስት በሙሉ መርዝ ነው ብላ ደመደመች። 19ኛው መርካቶ ምናለሽ ተራ ያደገ ነው፤ ወላጆቹ ብረት ቀጥቅጠው ያሳደጉት እዚያ ነው። የሰፈሩን ሥራ ስም ሲያጠፉበት ቱግ አለ። ነገር ግን ተቆጥቶም ቢሆን ያወቀውን አልደበቀም። ሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች ውስጥ፣ ከተቀላቀለ ቁርጥራጭ የተሠሩ ድስቶች ተመርምረው እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት ወደ ምግብ ሲለቁ ተገኝተዋል። የሞተር ዕቃ፣ የመኪና ራዲያተር አብሮ ሲቀልጥ እርሳሱም አብሮ ይገባል። ቲማቲምና ሎሚ ያለበት ወጥ ደግሞ ይበልጥ ያወጣዋል። እሱ ቤት እንዲህ ያለው ድስት ውሃ ያፈላል እንጂ ወጥ አያድርበትም። ለወጥ የሸክላ ድስት አለው፤ የኛ ሸክላ የሚያብለጨልጭ ቅብ የለውምና የእርሳስ ቅብ ስጋት የለበትም።

20ኛው ከእርሳስ ሳይወጣ ስለ ቀለም ጻፈ። ብሩህ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ የብረት በር ቀለም ላይ እርሳስ ብዙ ጊዜ ይበረታል። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ፣ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባው በር ግን እስካሁን ቆሟል። ለበዓል ቤት ሲታደስ አሮጌውን ቀለም ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ብናኙን ቤት ውስጥ መዝራት ነው። በውሃ አርጥቦ መፋቅ፣ ልጆችን ከዚያ ማራቅ፣ ወለሉን ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ ማንሣት። ለሕፃን ጤና ችግር የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። እኔም ወዲያው የኛን በር አየሁት፤ ቡናማ ነው። ብሩህ ባይሆንም እርጥብ ጨርቁን አልተውኩም።

21ኛዋ ቆስጣና ሰላጣ ስትገዛ ከየት እንደመጣ ትጠይቃለች። የቀበናም የግንፍሌም ወንዞች የከተማውን ጉድ ሁሉ ተሸክመው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፤ በዚያ ውሃ የሚለማ ጓሮ አለ። ቅጠላ ቅጠል ከሥራሥር የበለጠ እንደ እርሳስ ያለ መርዛማ ብረት ይስባል። አጥቦ መብላት አፈሩንና ጀርሙን ያወጣል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት ግን አያወጣም። 22ኛው ከዚህ ተነሥቶ በርበሬ ውስጥ ስለሚጨመር የሸክላ ዱቄት አወራ። 23ኛዋ ቅቤ ውስጥ ስለሚቀላቀል ሙዝ አነሣች። 24ኛው የበርበሬ ኪሎ ስንት እንደገባ ጠየቀ። ከዚያ ውይይቱ ለግማሽ ቀን ገበያ ሆነ። አለፍኩት።

25ኛው የሚኒባስ ሾፌር ነው። ለገሃር ወረፋ ላይ ሞተር ሳያጠፉ የሚቆሙትን የሥራ ባልደረቦቹን አልደበቀም። አጥፍቶ ማስነሣት ባትሪ ይጨርሳል የሚለውን ሰበብ እሱ ራሱ እንደሚጠቀምበት አመነ። ተሳፋሪ ግን ከጭስ ማውጫው ኋላ ተሰልፎ ከመቆም ወደ ፊት በኩል ቢቆም፣ በእግሩ ሲሄድም ቸርችል ጎዳናን ትቶ ውስጥ ለውስጥ ቢያቋርጥ እንደሚሻለው መከረ። 26ኛው ከተማውን የምታጨሱት እናንተው ናችሁ ብሎ ዘለፈው። ሾፌሩ አልተናደደም። በቀን ስንት ሰዓት መሪ ላይ እንደሚቀመጥ ብቻ ነገረው። አሥራ አራት። ጭሱን ከሁላችንም በላይ የሚበላው እሱ ነው።

27ኛው እኔ ነኝ፤ ከሳምንት በኋላ ያደረግኩትን ለመንገር ተመለስኩ። ፌስታል መለኮስ ቀረ፤ በጭራሮ ተተካ። ከሰሉ የሚያያዘው ኮሪደር ላይ ነው። ቡናውም እዚያው ይቆላል፣ ይፈላልም፤ ልጄ ያን ጊዜ ከኔ ጋር መኝታ ቤት ትሆናለች። እናቴ ለሁለት ቀን አኮረፈች። ቡና ያለ ሰው፣ ያለ ሳሎን ምን ቡና ነው ብላ። በሦስተኛው ቀን የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን በሩን አንኳኳች። ጭሱ በኮሪደሩ ወጥቶ እሷ ቤት ገብቷል። ስምንት ወር የሆነው ሕፃን አላት።

28ኛው አልራራልኝም። ጭሱን አዛወርሽው እንጂ አልቀነስሽውም ማለቱ ነው። ልክ ነው። መከራከሪያ አልነበረኝም። ስቶቭ ገዛሁ። ማከፋፈያው ሲግል ታየኝና ከግድግዳው ሶኬት ላይ በቀጥታ ሰካሁት። አሁን በአዘቦት ቀን ቡናው የሚፈላው በስቶቭ ነው። ከሰል የሚነደው እሁድ ብቻ፣ ያውም ታች ግቢው ውስጥ፣ ጎረቤቷም ልጇን አስተኝታ ወርዳ ስትጠጣ ነው። የልጄ ሳል ሌሊት ሌሊት ቀንሷል። ከመድኃኒቱ ይሁን ከከሰሉ ሐኪሟ ይንገረን፤ ቀጠሮ አለን።

29ኛውን የጻፉት እኒያ የፒያሳው አባት ናቸው። በስቶቭ የፈላው ቡና እንዴት እንደሆነ እናቴን ጠይቄ እንድነግራቸው አዘዙኝ። ጠየቅኳት። ስኒዋን አስቀመጠች፣ ስቶቩን አየችው፣ ንገሪያቸው፣ እሁድ ይምጡ አለችኝ።